የመጀመሪያው እግር

ከሚሴ ውስጥ ሱቅ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጠዋት በር ሲከፈት መጀመሪያ የገባ ደንበኛ ባዶ እጁን አይወጣም። ዋጋ ቢሰብር ይሰበርለታል፣ አፉ ቢከፋም ይቻላል፤ ብቻ አንድ ነገር ገዝቶ ይውጣ። ገዝቶ ከወጣ የቀኑ ሪዝቅ፣ ሲሳዩ፣ ተከፈተ ማለት ነው። ባዶውን ከወጣ ግን በሩን ከኋላው ዘግቶት ሄደ ይባላል። እግረ እርጥብ ሰው አለ፣ እግረ ደረቅም አለ። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው የለመድኩት።

የምሠራበት ሱቅ ከዋናው የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ወደ ገበያው የሚወርደው ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ሻሽ፣ ሽርጥ፣ ጂልባብ፣ ከጣቃ የሚቆረጥ ጨርቅ እንሸጣለን። የሱቁን ባለቤት ሐጂያ እንላቸዋለን። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሱቁን ብቻቸውን ያቆሙ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያልፈው ሴት ናቸው። መስጊድ ውስጥ ሸሁ በገድ ማመን ሐራም ነው ብለው ሲያስተምሩ ሐጂያ ልክ ነው እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጠዋት ሱቅ ሲገቡ ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚመጣ መንገዱን በዓይናቸው ያስሳሉ። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«አላምንበትም» አሉኝ። «ግን አልዳፈረውም።»

የገበያ ቀን ቀዳሚው ደንበኛችን ሁልጊዜ አንድ ሰውዬ ነበር። ሰንበቴ ከተማ አካባቢ ይኖራል። ከእኛ በብዛት ገዝቶ ሰንበቴና ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ ድምፁ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል። ሐጂያ «ገደኛዬ» ይሉታል፤ እሱ የከፈተው ቀን ገበያው ይደራል ብለው። እኔ ደግሞ፣ ሰውዬው የሚመጣው የገበያ ቀን ብቻ ነው፣ የገበያ ቀን ደግሞ ድመት ብትከፍተውም ይደራል እላለሁ። በልቤ ነው የምለው።

ሲገባ ሰላም አይልም። በሌላ አገር ይህ እንዴት እንደሚታይ አላውቅም። እኛ ጋ ሰው ክብሪት ሊገዛ ገብቶ እንኳ አሰላሙ አለይኩም ይላል፣ በኦሮምኛም ነጋ ጂርታ፣ ደኅና ነህ ወይ ይላል፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደኅንነት ይጠይቃል፤ ክብሪቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚነሳው። እሱ ግን ገና ደረጃውን ሲረግጥ «ደፊ! ደፊ!» ይላል። በኦሮምኛ ፍጠኚ ማለቱ ነው። ከዚያ በከብት ገበያ ጭቃ ውስጥ ሲውል የከረመውን ዱላውን አምጥቶ ነጩ ሻሽ ላይ ያጋድመዋል። በሐጂያ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሐጂያ ይቆማሉ። ስሜን ያውቀዋል፣ ጠርቶኝ ግን አያውቅም። «አንቺ ቀጭኗ» ነኝ። ያወረድኩለትን ጨርቅ ወደ ብርሃን አንስቶ «ይሄ ለወንፊት ነው» ይላል። የዘረጋሁለትን ጥሎት ይሄዳል፣ ሲሄድም ደኅና ዋሉ የለም።

ሰው ማወቅ ግን ሥራዬ ነው። ሰውዬው ጥሩ ዕቃ ሁሉ ከሥር ተደብቋል ብሎ ያምናል። ላይ ያለውን በእጁም አይነካው። ከተደረደረው መሐል እጁን ሰዶ የታችኛውን ይጎትታል፣ ክምሩ ይናዳል፣ እሱ አንበሳ እንደገደለ ይስቃል። እኔም ነገሩ ሲገባኝ የገበያው ዋዜማ ላይ እንዲሄድልኝ የምፈልገውን ሁሉ ከሥር መደርደር ጀመርኩ። ጎትቶ አውጥቶ «ይኸው! ይሄን ነበር የደበቅሽኝ!» ሲለኝ፣ ፊቴን አጨፍግጌ «ኧረ እሱን ይተዉት ጋሼ፣ ለሌላ ሰው ነው» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከእጁ የሚያስለቅቀው የለም። ያስቀመጥኩለት ነገር ደግሞ መጥፎ አልነበረም። ከቆላ የሚወጡት አፋሮች የትኛውን ሽርጥ እንደሚወዱ፣ ከደጋ የሚወርዱት ሴቶች የትኛውን ቀለም ዓይናቸው እንደሚከተል፣ ሱቃችን ሲገቡ ጠይቄ ጠይቄ አውቀዋለሁ። እሱም ሸጦ ጨርሶ ይመጣል፣ መጥቶም ይሰድበኛል። በእሱ ስድብ አንድም ቀን አልቅሼ አላውቅም። እንዲያውም አንዳንዴ ከሄደ በኋላ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ሐጂያ ሰንበቴ ላይ ሁለተኛ ሱቅ የተከራዩ ጊዜ ነው። ሱቁ እንደ እሱ ላሉ፣ ገበያ ዞረው ለሚሸጡ ሰዎች የሚያከፋፍል እንዲሆን ነው ያሰቡት። ማን ይቀመጥበት የሚለው ግን አልተቆረጠም። አንዷ ዕጩ እኔ ነበርኩ፣ ሌላው ደሴ ያለው የእህታቸው ልጅ። ሰንበቴን እንዴት እንደፈለግኩት ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ መደርደሪያ፣ ቆላና ደጋ የሚገናኝበት ገበያ መሐል የራሴ ባንኮኒ። ይህን በአፌ አውጥቼ ለሐጂያ አልነገርኳቸውም። ግን ስለ ሰንበቴ ሲነሳ መቀሱን ማስቀመጤን ያያሉ።

አንድ የገበያ ቀን ሰውዬው በሐጂያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ «ሰንበቴ ማንን ልታስቀምጪ ነው?» አላቸው።

ሐጂያ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሷን ነው የማስበው፣ ኢንሻአላህ።»

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝ። ዓይኑ እግሬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺን?» አለ። «የዚች እግር እኮ ደረቅ ነው። እሷ የከፈተችው ሱቅ ዝንብ እንጂ ሰው አይገባበትም። ወላሂ፣ እሷን ካስቀመጥሽ እኔ ክርም አልገዛሽ። ጓደኞቼም አይገዙሽም።»

ሐጂያ ዝም አሉ።

ቀጭን መባል ይቻላል። ጨርቄን ለወንፊት ነው ማለትም ይቻላል። እግረ ደረቅ መባል ግን ሌላ ነው። እንዲህ የተባለች ሴት አዲስ ቤት ሲገባ ቀድማ አትገባም፤ ሙሽራ ስትመጣ በር ላይ አትቆምም፤ ነጋዴም ጠዋት መንገድ ላይ ሲያገኛት ፊቱን ያዞራል። ቃሉን የሚያጥብ ሳሙና የለም። ሐጂያ ደግሞ ከሌላው ሁሉ በላይ ይህን ቃል የሚሰሙ ሴት ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከሰውዬው ንግግር ይልቅ የእሳቸው ዝምታ አንጀቴን አቃጠለኝ። ያን ሳምንት ስለ ሰንበቴ አንድም ቃል አላነሱም። አንድ ቀን ብቻ በስልክ ከደሴ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ስገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰማዩ ከጠዋቱ ከብዶ ነበር። ክረምት ነው። በሩን ከፈትኩ፣ ባንኮኒውን ጠረግኩ፣ ነጩን ሻሽ ዘረጋሁ። ሐጂያ ገብተው በወንበራቸው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ያ ድምፅ መጣ።

«ደፊ! ደፊ!»

ሐጂያ ተነሱ። ሰውዬው ተቀመጠ። ዱላው ጭቃውን እንደያዘ ነጩ ሻሽ ላይ አረፈ።

ዱላውን አነሳሁት። ይዤው ወጣሁና ከበሩ ውጭ ግድግዳው ላይ አስደግፌው ተመለስኩ። 

«ጋሼ፣ አሰላሙ አለይኩም» አልኩት።

«ምን?»

«ሰላም ነው ያልኩዎት። ሰላም የተባለ ሰው መመለስ ግዴታው ነው። ይመልሱልኝና የፈለጉትን ጣቃ አወርድልዎታለሁ።»

ወደ ሐጂያ ዞረ። «ትሰሚያታለሽ? እግረ ደረቋ ዲን ልታስተምረኝ ነው!»

«እንግዲያው ዛሬ አልሸጥልዎትም» አልኩ።

«ሽጪለት፣ ኢንተለ ቲያ» አሉ ሐጂያ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲጨንቃቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። «የመጀመሪያ ሰው ነው። ሽጪለት።»

መቀሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩት። «ሱቁ የእርስዎ ነው ሐጂያ። ይሽጡለት፣ አልከፋም። እኔ ግን ሰላም ካላለኝ አልቆርጥለትም።»

ሦስታችንም መቀሱን አየነው። ሐጂያ እጃቸውን ዘረጉ መሰለኝ፤ ከዚያ ተመልሶ ቀሚሳቸው ላይ አረፈ። ሰውዬው ተነስቶ ወጣ። የገበያ ቀን፣ የመጀመሪያው ደንበኛ፣ ባዶ እጁን! በሩ ላይ ዱላውን አንስቶ ዞረና «ዛሬ የምትሸጡትን እናያለን» አለ።

ገና መንገዱን ሳይሻገር ሰማዩ ተቀደደ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝናብ ጥቂት ጊዜ ነው ያየሁት። ቆርቆሮው ይጮኻል፣ መንገዱ ጎርፍ ሆነ፣ ባጃጆቹ አንድ ጥግ ተሰበሰቡ። ከጨፋ ሜዳ በኩል የሚመጣው ሰው ወንዙ ሞልቶበት ቀረ። ሐጂያ ዝናቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ዝናቡን አዩ።

«ክረምት ነው ሐጂያ» አልኩ። «ክረምት ላይ ይዘንባል።»



ከሰዓታት በፊት ደፋር ነበርኩ፤ አሁን ግን ፈራሁ። ጥፋት ሠራሁ ብዬ አይደለም፤ ሰውዬውን ደግሜ ባገኘው ያንኑ እደግመው ነበር። የፈራሁት ሰማዩ ለእሱ ስለመሰከረለት ነው። አሁን ማን ያምነኛል? እግረ ደረቅ ናት አለ፣ ከፈተች፣ አባረረች፣ ገበያው ደረቀ። ደሴ ያለው ልጅ እስከ ሳምንት ድረስ የሰንበቴን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንደሚከት ቁጭ ብዬ በሐሳቤ አየሁት። እጄን ሥራ ካልሰጠሁት አፌ ስለሚቀድመኝ፣ ጣሪያው የሚያፈስበትን ጥግ አራግፌ ጨርቁን ወደ ደረቁ አዛወርኩ፣ የተበተነውን እንደገና አጠፍኩ፣ ዱላው ያቆሸሸውን ሻሽ አጥቤ ከኋላ ሰቀልኩ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ከዝናቡ ሸሽታ ገባች። ከራሷ እስከ እግሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ገና በሩ ላይ ቆማ «አሰላሙ አለይኩም፣ ልጠለል ብዬ ነው እንጂ ልገዛ እንኳ አይደለም» አለች። «ወአለይኩሙ ሰላም፣ ግቢ፣ ቤቱ የሰው ነው» አልኳት። የራሴን ደረቅ ሻሽ አውጥቼ ሰጠኋት፣ ዱካ ላይ አስቀመጥኳት። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ወንዙ፣ ድልድዩ ጋ ቆመው ስለቀሩት ሰዎች አወራን። ዝናቡ ሲያባራ ሻሼን አጣጥፋ መልሳ፣ አንድ ክር ገዝታ፣ ሁለታችንንም መርቃ ሄደች። የዚያ የገበያ ቀን ሽያጫችን እሱ ነው። አንድ ክር!

ከአስር ሰላት በኋላ ሐጂያ መስገጃቸውን አጥፈው መጡ። ጠዋት ለሰውዬው ከተነሱለት ወዲህ ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም ነበር። አሁን ተቀመጡ።

«ዛሬ ደርቋል» አሉ።

«ደርቋል» አልኩ። ክር ብቻ ሸጦ ሌላ ምን ይባላል።

«ገድ የለም አትበዪኝ።»

«አልልም ሐጂያ። ግን እግሬ ደረቅ ነው ቢሉኝ አልቀበልም። ጠዋት ሰውዬውን የመለስኩት በአፌ ነው፣ በእግሬ አይደለም። ለአፌ ከሆነ የሚወስኑብኝን እቀበላለሁ። እግሬን ግን ይተዉልኝ።»

ፈገግ ሊሉ ሲሉ ተዉት። ከዚያ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ «ለእኔስ ሰላም ብሎኝ ያውቃል?» አሉ።

አሰብኩ። ውሸት ማለት ቀላል ነበር፣ ምናልባት ደግነትም ይሆን ነበር።

«አያውቅም» አልኩ።

«አያውቅም» አሉ እሳቸውም። «ባለቤቴ ሳሉ ይላቸው ነበር። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ከገዛ ወንበሬ ይነሳልኛል ብዬ አልጠብቅም፣ እኔ እነሳለታለሁ። ገደኛዬ ብዬ።» ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ያቺ በዝናብ የገባችው ሴት ሱቁን መርቃ ወጣች። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እሱ አንድ ቀን መርቆን ያውቃል?»

ይህንንም ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሐጂያ ተነሱና ከመሳቢያው የሰንበቴን ቁልፍ አወጡ። አዲስ ቁልፍ ነው፣ ገና ያልተለመደ። ባንኮኒው ላይ፣ ጠዋት መቀሱ የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጡት።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። «ሰንበቴን አንቺ ክፈቺ። ሚላ ኬ ሃ ኢላሉ።»

እግርሽን እንየው ማለታቸው ነው። ቁልፉን አነሳሁትና ሻሼ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ ቀረ። የሚቀጥለው ገበያ ሌላ ሰው ከፈተው፣ የዚያ ቀጣዩም እንደዚሁ። ገበያው እንደ ልማዱ ነበር፣ ደራም አይባል፣ ደረቀም አይባል። ሐጂያ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ያያሉ። እኔም አያለሁ፤ ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ። ሰንበቴ ላይ ትልቁ ገዢያችን ይሆናል ያልነው እሱ ነው። እሱ ከቀረ ጓደኞቹ ይቀራሉ፣ ጓደኞቹ ከቀሩ ደግሞ ዝንቡ እውነት ሊሆን ነው። ሐጂያ አንድም ቀን በዚህ አልወቀሱኝም። እኔም ሄጄ አልለመንኩትም። ዕቃዬን እየመረጥኩ፣ እየቆጠብኩ፣ ለሰንበቴ አዘጋጀሁ።

የሰንበቴን ሱቅ ለመክፈት የመረጥነው ቀን ደረሰ። ዕቃውን ዋዜማውን በራሴ እጅ ደርድሬ ነበር፤ ገድ የሚቆጠረው ግን ሱቁ ለገበያ በተከፈተበት ጠዋት ነው። ሐጂያ አብረውኝ እንዲመጡ ብጠይቃቸው እምቢ አሉ። «የእኔ እግር ከከፈተው የማን ገድ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉኝ። ብቻዬን ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ገበያተኛው ገና መሰብሰቡ ነው። ግመል የሚነዱት፣ ፍየል የሚጎትቱት፣ እህል የጫኑት በመንገዱ ላይ ተደባልቀዋል። ቁልፉን በመዳፌ ጨብጬ ወደ ሱቁ ስዞር፣ በሩ አጠገብ፣ ክፍክፉ ሥር ሰው ቆሟል።

እሱ ነው። ዱላው ከውጭ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ። ለመሬቱ ነው ያለው፣ ግን እኔም ሰማሁት።

«ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። ነጋ ጂርታ ጋሼ?»

«ነጋ።»

አልለቀቅኩትም። ልጆቹን ጠየቅኩት፣ ከብቱን ጠየቅኩት፣ ዝናቡ እርሻውን ምን እንዳደረገው ጠየቅኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀረብኝን ሰላምታ አንድ በአንድ አስመለስኩት። እሱም አንድ በአንድ መለሰ። ገበያውን ስጠይቀው «ከሌላ ሱቅ የገዛሁት ተከምሮብኝ ቀረ» አለ። መጨረሻ ላይ ሲደክመው እንኳ «ደፊ» አላለም። ሐጂያስ ደኅና ናቸው ወይ አለኝ። ደኅና ናቸው፣ ሰላምታዎን አደርሳለሁ አልኩት።

ቁልፉን አዞርኩ፣ በሩን ገፋሁትና ወደ ጎን ቆምኩ።

«ይግቡ ጋሼ። የመጀመሪያው ደንበኛ እርስዎ ነዎት።»

አልገባም። ደፉን አየ፣ እግሬን አየ። ያኔ ከሚሴ ላይ ዓይኑ የቆመበትን ያንኑ እግር።

«አንቺ ቅደሚ» አለኝ። «ሱቁ ያንቺ ነው። እግርሽን አስቀድሚ።»

ቢስሚላህ ብዬ በቀኝ እግሬ ገባሁ። እሱም ተከትሎኝ ገባ። ወንበሬን አልፎ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄደና እጁን ከሥር ሰደደ። ለእሱ ብዬ የደረደርኩት እዚያው ነበር፣ ከሥር።